ጅብን ማወቅ አህያን ያድናል



ማታ እራት ተበልቶ፣ እሳቱ ተዳፍኖ፣ ልጆችን እንቅልፍ ሲጥላቸው ከየረር ተራራ በኩል አንድ ድምፅ ይሰማል። ዝቅ ብሎ ይጀምርና እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። ያን ጊዜ ውሻው ጆሮውን ያቆማል። ጋጣ ውስጥ ያለችው አህያ ትቁነጠነጣለች። እናትም ልጇን «ዝም በል፣ አያ ጅቦ መጣብህ» ትለዋለች። ልጁ ዝም ይላል፤ ጅቡ ግን ዝም አይልም።

ለመሆኑ ምን እያለ ነው? ማንንስ ነው የሚጠራው? ድምፁን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ምን እንደሚል ግን ማናችን ጠይቀን እናውቃለን? ስለ ጅብ የምናውቀው ተረቱን ነው። ሆዳም ነው፣ ፈሪ ነው፣ ሞኝ ነው እንላለን። ተረቱ ለጨዋታ መልካም ነው። አህያ ለመጠበቅ ግን አይበቃም።

ዛሬ የምንነጋገረው ጅብ እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚዋለድና ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ ነው። ማንበብ የምትችሉ ለማይችለው ጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ጅብ የአንዱን በር ብቻ አያንኳኳምና።

በዱከም ዙሪያ የሚያርስ ሰው የአህያን ጥቅም ከጋዜጣ አይማርም። ጤፉን ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ወፍጮ የምታደርሰው እሷ ናት። ጭዱን፣ ኩበቱን፣ ውሃውን የምትሸከመው እሷ ናት። ፋብሪካው በተተከለበት፣ የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ በጀመረበት አገር እንኳ ከማሳ እስከ አስፋልት ያለውን ጭቃ የሚችለው የአህያ ኮቴ ነው። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት የምትባለውም በከንቱ አይደለም። ታዲያ አንዲት አህያ በአንድ ሌሊት ስትበላ ሸክሙ አብሯት አይበላም። ወደ ሚስትና ወደ ሴት ልጅ ጀርባ ይዞራል። ውሃ የምትቀዳዋም ልጅ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

አባቶች «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ወንዱ አህያ ጅብ ሲመጣ እግሬ አውጪኝ ይላል እንጂ ለሚስቱ አይቆምላትም። በጅብ ቤት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ባል ሚስቱን ማስጣል ቀርቶ በፊቷም ደፍሮ አይቆምም።

በጅብ መንጋ አለቃዋ ሴት ናት

ጅብ በኦሮምኛ ዋራቤሳ ይባላል። በአገራችን ሌሊት የሚጮኸው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ነው። የሚኖረው በመንጋ ነው። የመንጋው ብዛት እንደ ምግቡ ነው። ምግብ በጠበበበት ጥቂት ጅቦች ብቻ ይሆናሉ፤ ምግብ በተረፈበት ከ80 ይበልጣሉ። ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ሆኖ ይዞራል። ምግብ ሲገኝ ወይም ጠላት ሲመጣ ይጠራራሉ። ስለዚህ ከአጥራችሁ ውጭ አንድ ጅብ አይታችሁ «አንድ ብቻ ነው» ብላችሁ አትናቁት። ጓደኞቹ ድምፅ ከሚደርስበት ብዙ አይርቁም።

የመንጋው አለቃ ሴት ናት ብለናል። ሴቷ ጅብ ከወንዱ ትገዝፋለች። ምግብ ሲገኝ አለቃዋ ከነልጆቿ ትቀድማለች። ሌሎቹ ሴቶችም እንደየደረጃቸው ከነልጆቻቸው ይከተላሉ። ከሌላ መንጋ የመጣው ወንድ በመጨረሻ የቀረ አጥንት ካለ ይደርሰዋል። ይህን ሲሰሙ አንዳንድ ባሎች ይደነግጡ ይሆናል። እኛ የጅብን ሥርዓት ወደ ቤታችሁ አስገቡ አላልንም፤ ያለውን ነው የነገርናችሁ።

ልጅ ማዕረጉን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። የአለቃዋ ልጅ ገና ግልገል ሳለ ከትልልቆቹ ጅቦች ይበልጣል። ይህ የሚሆነው ጉልበት ኖሮት አይደለም። ግልገሉ ከሌላው ጋር ሲጣላ እናቱ መጥታ ከጎኑ ትቆማለች። ዘመዶቿም ያግዟታል። ከጊዜ በኋላ ሌላው ሁሉ ግልገሉን ሲያይ እናቱን ያስታውሳል፤ ጅራቱን ቆልፎ መንገድ ይለቅለታል። ደግሞ የሚያስገርመው፣ ከእህትማማቾች መካከል የምትበልጠው ታናሿ ናት። እናት ሁልጊዜ ለትንሿ ታደላለችና።

ሴት ልጅ በተወለደችበት መንጋ ኖራ እዚያው ትሞታለች። ወንዱ ግን ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ አንዳንዱም ቆይቶ፣ አገሩን ጥሎ ይሄዳል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእውነተኛው ጅብ ነገር ግን ከተረቱ የተለየ ነው። በማያውቁት አገር የገባ ወንድ ጅብ ቁርበት የሚያነጥፍለት ቀርቶ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ከሁሉ በታች ሆኖ ይጀምራል። ይነከሳል፣ ይባረራል፣ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እያለ ዓመታት ይጠብቃል። ደረጃው ከፍ የሚለው ከእሱ በፊት የመጡት ሲሞቱ ወይም ሲሄዱ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ውርደት ለምን ይሸከማል? ለዘር ነው። በተወለደበት ቢቀር የሚያገኛቸው ሴቶች እናቱ፣ እህቶቹና አክስቶቹ ናቸው። ሴቶቹም ብልሆች ናቸው። እነሱ ከተወለዱ በኋላ ከውጭ የመጣውን ወንድ ይመርጣሉ፤ እንዲህ ያለው አባታቸው ሊሆን አይችልምና። ይህን ጅብ ቆጥሮና አስቦ ያደርገዋል ማለት አይደለም። እንዲህ ያላደረጉት ልጆቻቸው ደካማ ሆነው ስላለቁ፣ እንዲህ ያደረጉት ዘር ስለቀረ ነው።

«ጅብ ወንድም ሴትም ነው» የሚል ወሬም አለ። ወሬው ከመሬት አልተነሣም። የሴቷ ብልት በውጭ ሲታይ የወንዱን ይመስላል። የምትወልደውም በዚያው ጠባብ መንገድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስትወልድ ትሠቃያለች። ብዙ ጊዜ የበኩር ግልገሏ በምጥ ላይ ይሞታል፤ እሷም ልትሞት ትችላለች። ይሁን እንጂ ከዚህ የተነሣ ማንም ወንድ ያለ ፈቃዷ ሊደርስባት አይችልም። ወንዱ ደጅ ይጠናል። ይከተላታል፣ ያጎነብሳል፣ ቀርቦ ይሸሻል። ከወለደችም በኋላ ግልገሎቹን የምታሳድጋቸው እሷው ብቻዋን ናት። በአጭሩ ጅብ ወንድ አለ፣ ሴት አለች፤ አንዱ ሌላውን አይሆንም።

ጎሬው ውስጥ

ሴቷ 110 ቀን ያህል ታረግዛለች። የምትወልደው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። ከውሻ ጋር አስተያዩት። ውሻ ዘጠኝ ሳምንት አርግዛ አምስትም ስምንትም ትወልዳለች። ቡችሎቹ ዓይናቸው የተጨፈነ ነው። የጅብ ግልገል ግን ዓይኑን ገልጦ፣ ጥርሱን አብቅሎ፣ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል። በተወለዱም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁለቱ ወንድማማቾች ይናከሳሉ። አንዱ አለቃ፣ አንዱ ታዛዥ መሆኑ እዚያው ይለያል። የእናታቸው ወተት የበቃ እንደሆነ ሁለቱም ያድጋሉ። ወተቱ ያነሰ እንደሆነ ታዛዡ ከጡት እየተባረረ በረሀብ ይሞታል። ይጨክናል፤ ግን ሁለቱም ከሚሞቱ አንዱ እንዲተርፍ ነው።

ከሁለት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ እናቲቱ ግልገሎቿን በአፏ እያንጠለጠለች መንጋው ሁሉ ወደሚጠቀምበት ጎሬ ትወስዳቸዋለች። ጎሬው አፉ ሰፊ ይምሰል እንጂ ውስጡ ጠባብ ነው። ትልቅ ጅብ አይገባበትም። ግልገሎቹ ግን ይሹለካሉ፣ ራሳቸውም ይቆፍሩታል። አንበሳ ቢመጣ፣ ሌላ ክፉ ጅብ ቢመጣ ከውጭ ይቀራል። እናት ስትመጣ በጎሬው አፍ ቆማ ቀስ ብላ ትጣራለች፤ የራሷ ልጆች ብቻ ወጥተው ይጠባሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጎሬው የጋራ ነው፤ ጡቱ ግን የጋራ አይደለም። አንዷ የሌላዋን ልጅ አታጠባም። እንደ ቀበሮና እንደ ተኩላም ሥጋ በሆዷ ይዛ መጥታ ለልጆቿ አታስመልስም። ስለዚህ ግልገሉ ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ከመንፈቅ፣ የሚኖረው በወተት ነው። የጅብ ወተት ደግሞ ቅቤና አካል የሚገነባ ነገር የሞላበት ነው፤ ሥጋ በል ከሆኑት የምድር አራዊት መካከል እንዲህ ያለ ወተት ያላቸው ጥቂት ናቸው። ያን ወተት ለመሥራት እናቲቱ ብዙ መብላት አለባት። በሴሬንጌቲ የሚኖሩ እናቶች የሜዳ እንስሳት ሲርቁባቸው በአንድ ጉዞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው በልተው፣ ልጆቻቸውን ለማጥባት ያንኑ ያህል ይመለሳሉ። ከዱከም እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አስቡ። እሷ በሌለች ጊዜ ግልገሎቹ ቀናት ሙሉ ጦማቸውን ያድራሉ።

እንግዲህ ሌሊት በአጥራችሁ ዙሪያ የምትዞረው ጅብ ሆዳም ብቻ አይደለችም። ጎሬ የሚጠብቋት ልጆች ያሏት እናት ልትሆን ትችላለች። ይህን የምንላችሁ እንድታዝኑላት አይደለም። አህያውን በልታ ልጆቿን ብታሳድግ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ግን የሚያጠቡ እናት በረሀብ ጊዜ አትፈራም። አንድ ጊዜ ያገኘችበትን ቦታም አትረሳም። ይህን ያወቀ ሰው በሩን ሲዘጋ ይጠነቀቃል።

ድምፁ ምን ይላል?

አሁን ወደ ጀመርንበት ወደ ሌሊቱ ጩኸት እንመለስ።

ያ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ድምፅ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ድምፁ የእያንዳንዱ ጅብ መታወቂያ ነው። እኛ አንድ ሰው በጨለማ ሲጠራን «እገሌ ነው» እንደምንል እነሱም ይለዩታል። እናት የግልገሏን ጩኸት ከሌላው ግልገል ለይታ ትሮጣለች። የሩቁ «እዚህ ነኝ» ይላል፤ ሌላው «ኑ» ይላል፤ የድንበሩ ጠባቂ «ይህ አገር ባለቤት አለው» ይላል።

ጅብ ይቆጥራል ብንላችሁ ታምናላችሁ? በኬንያ፣ በማሳይ ማራ፣ ኬይ ሆልካምፕ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ባልደረቦቿን ይዛ ጅቦችን ስትከታተል ኖራለች። ከጥናቶቹ በአንዱ የማይታወቁ ጅቦችን ድምፅ በማጉያ አሰሙ። አንዴ የአንድ ጅብ፣ አንዴ የሁለት፣ አንዴ የሦስት ጅብ ድምፅ ነበር። የሚሰሙት ጅቦች የእንግዶቹን ቁጥር ከራሳቸው ቁጥር ጋር አስተያዩ። የበዙ ሲመስላቸው ቀረቡ፤ ያነሱ ሲመስላቸው ተጠነቀቁ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ፈሪ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ቁጥሩን ሳያውቅ የማይገባ አውሬ።

ሳቁስ? የጅብ ሳቅ የሚባለው የደስታ አይደለም። የተነከሰ፣ ምግብ የተቀማ ወይም የተጨነቀ ጅብ ነው እንዲህ የሚያሰማው። ሳቁን ስትሰሙ ከመንጋው አንዱ እየተገፋ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜም በምግብ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ከብቶቻችሁን ቁጠሩ።

ከድምፅ ሌላ በሽታም ይነጋገራሉ። ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣ እንደ ቅባት ያለ ነገር በሣር ላይ ይቀባል። ሽታው ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የሚመጣው ሁሉ ማን እንዳለፈ ያውቃል።

«ትራፊ ጠባቂ» የሚለውንም ስም እንመርምረው። ሐንስ ክሩክ የሚባል የሆላንድ ተወላጅ የሳይንስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በታንዛኒያ፣ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ጅቦችን ሌሊት ሌሊት እየተከተለ ያጠና ነበር። ከዚያ በፊት ሰው የሚያየው ጠዋት ነው። ጠዋት ሲታይ አንበሳው ይበላል፤ ጅቦቹ ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ «አንበሳ ገደለ፣ ጅብ ትራፊ ይጠብቃል» ተባለ። ክሩክ ሌሊቱን ሲያየው ግን ብዙ ጊዜ የገደሉት ጅቦቹ ሆነው ተገኙ። አንበሳው ጩኸታቸውን ሰምቶ መጥቶ ቀማቸው እንጂ አልገደለም። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ አወጣው። ጅብ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ሳይደክመውም ብዙ ኪሎ ሜትር ያባርራል። መጀመሪያ መንጋውን ያስደነግጥና የሚያነክሰውን፣ ወደ ኋላ የሚቀረውን ይለያል። አህያችሁ በእግር ብረት ታስራ ወይም በገመድ ተጠፍራ ሜዳ ካደረች የሚለያት እሷን ነው።

በሑዳዴ ምን ይበላል?

ዱከም በቁርጥ ሥጋ የታወቀች ከተማ ናት። ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ለሥጋ ይመጣል። ሥጋ ቤት ባለበት አጥንት አለ፤ አጥንት በተጣለበት ጅብ አይጠፋም። የጅብ መንጋጋ የበሬ ጭን ይሰብራል፤ ጨጓራውም አጥንቱን ይፈጨዋል። ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ የሚነጣው ከአጥንቱ ኖራ የተነሣ ነው። የማያልቅለት ነገር ቢኖር ፀጉር ነው። ይህን የፀጉር ነገር ያዙልኝ፤ ይጠቅመናል።

በመቐለ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ክርስቲያኑ 55 ቀን ሲጾም፣ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ አጥንትና አንጀት መጣሉ ሲቀር ጅቡ ምን ይበላል? መልሱን የፈለጉት ከጅቡ ዓይነ ምድር ነው። ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ ዓይነ ምድሩን እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። የበግ ነው? የላም ነው? የአህያ ነው? ፀጉር አይዋሽም።

ያገኙት ይህ ነው። ከጾሙ በፊት የአህያ ድርሻ ከመቶ 14.8 ነበር። በጾሙ ጊዜ ወደ 33.1 ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ትርፍራፊው ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን ዞረዋል ማለት ነው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አያችሁ? ጅብ ሑዳዴን አይጾምም። የእኛ ጾም ግን ወደ አህያችን ይልከዋል። ጥናቱ የተደረገው በትግራይ ነው፤ ሆኖም ዱከምም ሥጋ ቤቷ በሑዳዴ ሲቀዘቅዝ እንዲሁ ቢሆንስ ብሎ መጠንቀቅ ከማንም ብልህ ገበሬ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ ሌላ ነገር እንማራለን። ጅቡ በዚያ አካባቢ የዱር እንስሳ አልቆበት በሰው ትርፍራፊና በቤት እንስሳ ነው የሚኖረው። እኛ የጣልነውን ይበላል፤ ያልጠበቅነውን ይበላል። ሐረሮች ይህን ከጥንት ያወቁ ናቸው። በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት ገብቶ የቆሸሸውን አንሥቶ ይወጣል። ማታ ማታም ሥጋ የሚያበሉት ሰዎች አሉ፤ ከሩቅ አገር እየመጡ የሚያዩት ብዙ ናቸው።

ጥቅሙን በቁጥር ለማስላት የሞከሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በመቐለ የተደረገ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል ጥንብና የእንስሳ ትርፍራፊ እንደሚያነሡ ገመተ። ይህ ባይነሣ አባሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በዓመት 5 ሰዎችንና 140 ያህል ከብቶችን፣ በጎችንና ፍየሎችን ሊይዝ ይችል እንደነበረ አስሉ። በአንድ በኩል አህያ ይበላል፤ በሌላ በኩል በሽታ ያነሣል። የጅብ ሒሳብ እንዲህ የተደባለቀ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ቀድሞ ማሰብ ነው። ጅብ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ውጭ ያደረውን ነው። ስለዚህ አህያ ከመምሸቱ በፊት ትግባ። ጋጣው ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ተሠርቶ በሩ መወርወሪያ ይኑረው። አጥር ብቻ ካላችሁ ሥሩን እዩት። ጅብ በአጥር ሥር ቆፍሮ ወይም ሳስቶ ባገኘው በኩል ሾልኮ ይገባል፤ ስለዚህ ከሥሩ ድንጋይ ደርድሩበት፣ እሾሁንም ጥቅጥቅ አድርጉት። ጎረቤታሞች ተባብራችሁ በአንድ ጠንካራ በረት ብታሳድሯቸው ደግሞ ወጪው ይቀላል። በተለይ ከሑዳዴ መያዣ እስከ ፋሲካ ድረስ በየማታው መወርወሪያውን ራሳችሁ ነካ አድርጉት፤ ልጅ አትላኩ።

ጥንብ ከቤት አጠገብ አትጣሉ። ከጓሮ የጣላችሁት የሞተ ጥጃ ለጅቡ መንገድ ያስተምረዋል። ዛሬ የሞተውን ያገኘበት ቦታ ነገ ሕያዉን ሊፈልግ ይመጣል። እንስሳው በድንገት የሞተ ከሆነ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከወጣ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትግፈፉት፣ አትብሉት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ፤ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

አህያው የተበላበት ሰው ይናደዳል። መብቱ ነው። ተናዶ ግን በቀረው ሥጋ ላይ መርዝ የነሰነሰ እንደሆነ ነገሩ ይበላሻል። መርዙን የሚበላው ያ ጅብ ብቻ አይደለም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል። ጥንብ አንሳው ይበላዋል፤ እሱ ደግሞ በመንጋ ስለሚወርድ በአንድ ጥንብ ላይ ብዙው ያልቃል። የጥንብ አንሳ መራባት ከጅብም የዘገየ ነው። በዓመት አንድ ዕንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ጫጩቱም ለመውለድ እስኪደርስ ዓመታት ይወስድበታል። በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት ይሰጥ በነበረ አንድ መድኃኒት ምክንያት ጥንብ አንሳዎች ሊያልቁ ደረሱ። ጥንቡን የሚያነሣ ጠፋና የባለቤት አልባ ውሾች ቁጥር በዛ። ውሻ በበዛበት የውሻ በሽታ አለ። የሞተችው ሴት ጅብም ብትሆን ሌላ ወንድ መጥቶ አይተካትም፤ ግልገሎቿ ግን የሚያጠባቸው አጥተው ጎሬ ውስጥ ያልቃሉ። ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም። አጥንቱ እዚያው ካለ፣ የጋጣው በርም ክፍት ከሆነ የጎረቤት መንጋ ድንበሩን አልፎ ይገባል።

ጎሬ ካገኛችሁ ልጆቻችሁ እንዳይጠጉት አድርጉ። ግልገሉ ጥቁር ስለሆነ ቡችላ ይመስላቸዋል፤ እናቱም ሩቅ ላትሆን ትችላለች። በበጋ አውድማ የሚጠብቅ ሰው ሜዳ ላይ ብቻውን አይተኛ። ዳስ ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ሁለት ሆኖ ይደር። ጅብ ይቆጥራል ብለናችኋል።

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ጅብ የሌሊት አውሬ ነው። በጠራራ ፀሐይ መንደር ገብቶ ሰው ሳይፈራ የሚንገዳገድ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ጅብ ካያችሁ የውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በዱላ ልግጠመው አትበሉ፤ ልጆችን አስገቡ፣ ለቀበሌና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡለት። ቅጠል አትለጥፉበት፣ ጠበል ብቻ ይበቃዋል ብላችሁም አትቆዩ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ያኑ ዕለት፣ በአህያም ቢሆን በመኪና፣ ጤና ጣቢያ አድርሱት።